መጣያ የሌለው መናፈሻ

ነገሩን ያመጣው አጥንቱ ነው።

አምስት ቤተሰብ ሆነን በፓታፕስኮ ሸለቆ መናፈሻ ወንዝ ዳር ተቀምጠን የበግ ጎድን ስንጠብስ ውለናል። ቦታው ከባልቲሞር ከተማ መሀል በመኪና ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቀኑ አሜሪካኖች በጦርነት የሞቱባቸውን ወታደሮች የሚያስቡበት፣ የሜይ ወር የመጨረሻው ሰኞ ነው። ሥራ የለም። አበሻ ደግሞ በዓሉ የማንም ይሁን የማን፣ ሥጋ ካለበት ይገኛል። ተበላ፤ ተጠጣ፤ ቡናውም በረካ ደረሰ። ከዚያ የአብሮ አደጌ ባለቤት አጥንት የሞላ ትሪ አንሥታ ዙሪያዋን ትቃኝ ጀመር። በግራ በኩል ሄዳ ተመለሰች። በቀኝ በኩልም ሄዳ ተመለሰች።

‹‹እዚህ ቦታ ቆሻሻ መጣያ የለም እንዴ?››

የለም። የሜሪላንድ ግዛት መናፈሻዎች ቅርጫት አያስቀምጡም። ደንቡ አጭር ነው፤ ይዘህ የመጣኸውን ይዘህ ተመለስ። አምስቱም ቤተሰብ ወደዚህ መናፈሻ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የምታውቀው የአብሮ አደጌ ልጅ ብቻ ናት። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ነው። ከትምህርት ቤቷ ጋር አንድ ጊዜ መጥታለች። ‹‹ነግሬያችሁ ነበር እኮ!›› አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። እውነቷን ነው። ጠዋት መኪና ውስጥ ነግራናለች፤ የሰማት ግን አልነበረም።

እናንተዬ፣ ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎኝ ነበር። አጥንቱን የት እንጣል? ቀላል አይደለም። አገር ቤት ተመልሼም አልለቀቀኝም። አንድ ሰው አንድን ነገር ‹‹ጣልሁት›› ሲል ምን ማለቱ ነው? ከእጁ ወረደ ማለቱ ነው ወይስ ከዓለም ጠፋ ማለቱ?

እስቲ ከጠዋቱ ልጀምር።

ጠዋት ከሰሉ እስኪቀጣጠል ድረስ እኔ፣ አብሮ አደጌና ልጁ በእግራችን ወጣ ብለን ነበር። ወደ መናፈሻው ሲገቡ መጀመሪያ የሚታየው የቶማስ ድልድይ ነው። ስምንት ቅስት ያለው፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ፣ በግራናይት ድንጋይ የተሠራ የባቡር ድልድይ። ሥራው ያለቀው በ1835 ነው (ዓመቶቹ የአገር ቤቱን ካልጠቀስሁ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ አገር ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ይገዙ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። እስከ ዛሬ ባቡር ይሄድበታል።

ከዚያ ወዲያ ወንዙን በግራ ይዞ የሚሄድ ደልዳላ የእግር መንገድ አለ። ዛፉ ረጃጅም ነው። ከላይ ገጥሞ ጥላ ይሠራል። ወንዙ በድንጋይ መሀል እያጉረመረመ ይወርዳል። አብሮ አደጌ ሃያ ደቂቃ ከሄድን በኋላ ‹‹ቆይ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?›› አለኝ። የትም እንደማንሄድ፣ ዞረን እዚያው እንደምንመለስ ነገርሁት። ‹‹መኪና ገዝቼ እንደገና በእግሬ!›› አለ። አድጎበት የነበረው መንደር ከትምህርት ቤቱ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነበር። እኔም አብሬው ተመላልሻለሁ። ስለዚህ ብዙ አልፈረድሁበትም። ለመራመድ ሲባል መራመድ፣ እግሩን ለሥራ ሲያስርበት ለኖረ ሰው፣ ቶሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

መሀል ላይ አንድ ተንጠልጣይ ድልድይ አለ። ሲረግጡት ይወዛወዛል። በድሮ ጊዜ ማዶ ለማዶ የነበሩ የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች ይሻገሩበት የነበረ ነው። ጎርፍ ደጋግሞ ወስዶታል፤ ደጋግመው ሠርተውታል። ልጅቷ መሀሉ ላይ ቆማ ስትዘል አባቷ ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ‹‹ተይ! ተይ!›› ይላል።

መጀመሪያ ሳየው ጫካው ከፍጥረት ጀምሮ የነበረ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ይህ ሸለቆ የፋብሪካ ሸለቆ ነበር። ዱቄት ይፈጭበታል፤ ብረት ይቀልጥበታል፤ ሚስማር ይመረትበታል። የሚስማር ፋብሪካውን በ1868 ጎርፍ ወሰደው። የዱቄት ፋብሪካው በ1905 ተቃጠለ። በ1907 ጆን ግሌን የተባለ የአካባቢው ባለ ርስት 43 ኤከር፣ ማለትም ወደ 17 ሄክታር የሚሆን መሬት ለግዛቱ ሰጠ። በዚያ ላይ እየተጨመረ እየተጨመረ ዛሬ ወንዙን ተከትሎ 51 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 6,500 ሄክታር የሚጠጋ መናፈሻ ሆነ። ዛፉ የበቀለው በፋብሪካዎቹ ፍርስራሽ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ለሚያይ የግድግዳቸው ድንጋይ ዛሬም ሥሩ መሀል አለ።

ልጅቷ ልታሳየን የፈለገችው ግን ሌላ ነገር ነው። እየሮጠች ቀደመችንና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

‹‹እዚህ ነበር›› አለች።

‹‹ምኑ?››

‹‹ግድቡ።››

አየሁ። ምንም የለም። ወንዝ ብቻ ነው። ድንጋይ፣ አረፋ፣ ውሃ።

ነበር። በ1906 እና በ1907 አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ እዚህ ቦታ ላይ ግድብ ሠራ። ብሎዲ ይባላል፤ ስሙ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው የኬሚስት ሰው ነው። ግድቡ በጊዜው ጉድ የተባለለት ነበር። መብራት የሚያመነጩት ማሽኖች የተቀመጡት ግድቡ ሆድ ውስጥ ነው፤ ውሃው ከላያቸው ይፈስሳል። አቅራቢያው ላሉ ከተሞች መብራት ሰጠ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግን አላዋጣም ተባለና ማሽኑ ቆመ። ማሽኑ ቆመ እንጂ ግድቡ አልሄደም። ባለቤቶቹ ትርፋቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከዚያም ሞቱ። ግድቡ እዚያው ተገትሮ ቀረ። አሸዋና ደለል አጠራቀመ። ከባሕር ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ ይወጡ የነበሩትን ዓሦች ዘጋባቸው። ከሥሩ የሚሽከረከረው ውሃ ለመዋኘት የገቡ ሰዎችን እየሳበ አሰጠመ። በርካታ ሰው ሞቶበታል። በመጨረሻ በ2018 መስከረም ላይ በፈንጂ ሸነቆሩት፤ በተከታዩ ዓመት አፍርሰው ጨረሱት። ሥራው በጠቅላላ ወደ 18 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወስዷል። የከፈሉት ከዚያ ግድብ አንዲት አምፖል መብራት ያላዩ ሰዎች ናቸው።

ልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገረችንም። እሷ የነገረችን ስለ አንድ እባብ መሰል ዓሣ ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ይወለዳል፤ ከዚያ የክር ያህል ሆኖ እየዋኘ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ግድቡ ከፈረሰ በኋላ ከዚህ በላይ ባለው ወንዝ በብዛት መታየት ጀምሯል። ‹‹መቶ ዓመት ሙሉ መንገዱን አልረሳም›› አለች። አባቷ ‹‹ያው ዓሣ መቶ ዓመት አይኖርማ፣ የልጅ ልጅ ልጁ ነው›› አላት። ‹‹እኮ! ማን ነገረው ታዲያ?›› ለዚህ መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ ወደ አጥንቱ ልመለስ።

አጥንት ብቻ አይደለም። የወረቀት ሰሃን አለ፤ የለስላሳ ጣሳ አለ፤ የእንጀራ ትርፍራፊ፣ የአዋዜ ብልቃጥ፣ የቡና አተላ፣ ቅባት የጠጣ ፎይል አለ። አምስት ቤተሰብ ያጠራቀመው ስድስት ትልልቅ ጥቁር ፌስታል ሞላ። አሁን ጥያቄው ግልጽ ሆነ። ማን መኪና ውስጥ ይገባ?

ዝም ተባለ። ከአፍታ በፊት ‹‹በሞቴ! አፈር ስሆን! አንዲት ጉርሻ!›› ሲባባል የነበረ ሕዝብ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አንዱ መኪናው ገና አዲስ ነው፤ ወንበሩ ቆዳ ነው። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሽታ አትችልም። አንዱ ከዚህ ቀጥታ ሥራ ይገባል። አንዱ ደግሞ ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!›› ብሎ ተረተ። ሁላችንም አጨበጨብን። እሱ ግን ከተረቱ በኋላ አንድም ፌስታል አላነሣም። ሎሚ መልካም መዓዛ ስላለው ይሆናል ተረቱ የሠራው። አጥንት ለማንም ጌጥ አይሆንም።

ከመሀላችን የሒሳብ ባለሙያ የሆነው ሰውዬ ቆም ብሎ ተናገረ። ‹‹ቆይ፣ ምንድን ነው እንደዚህ የምንጨነቀው? እኔ ለዚህ ግዛት ግብር እከፍላለሁ። በሩ ላይም ከፍለን ነው የገባነው። ሽንት ቤቱ አጠገብ ጥግ አስይዘን እንተወው። የሚያነሣ ሠራተኛ አላቸው፤ ደመወዝ ይከፈለዋል። እንዲያውም ቆሻሻ ከሌለ ሰውየው ሥራውን ያጣል።››

ይህን ሐሳብ ስቄ ባልፈው ደስ ባለኝ ነበር። ግን የሚሳቅበት አይደለም። ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚኖረው በዚህ ሐሳብ ነው። እኔም አዲስ አበባ ስኖር እንደዚያው ነኝ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጣሉ፤ የወሩን እከፍላለሁ፤ ይወስዱታል። የት? አልጠየቅሁም። ከፍያለሁ፤ ምን አገባኝ? መክፈል ደግሞ ነውር አይደለም። ልጆቹ በዚያ ገንዘብ ይኖራሉ። ሁሉም ሰው ጥራጊውን ተሸክሞ ይዙር ቢባል ከተማ አይቆምም።

ነገር ግን የሒሳቡ ሰውዬ ንግግር ውስጥ አንድ የተደበቀ ዕቃ አለ። ከፍለን የምንገዛው የሰው ጉልበት ብቻ መሰለን። አይደለም። አለማወቅንም ነው የምንገዛው። ‹‹የት ደረሰ?›› ብሎ ከመጠየቅ ነጻ መሆንን። ጉልበቱ የገንዘቡ ግማሽ ነው ብል አላጋነንሁም፤ ግማሹ የዓይን መጨፈኛ ነው። ግድቡን የሠሩት ሰዎችም ክፉ አልነበሩም እኮ። መብራት ሰጥተዋል፤ ሠራተኛ ቀጥረዋል፤ ምናልባትም ተመርቀዋል። ሲጨርሱ ትተውት ሄዱ እንጂ ‹‹ማን ያነሣዋል?›› አላሉም።

ክርክሩን የጨረሱት የአብሮ አደጌ አማት ናቸው። እስከዚያ ድረስ ነጠላቸውን አጣፍተው ስኒ ሲያጥቡ ነበር። መጀመሪያ ‹‹አጥንቱን ለውሻ አትሰጡትም?›› አሉ። ውሻ የለም ተባሉ፤ ያለውም ውሻ የራሱን ምግብ ከሱቅ ይገዙለታል። ‹‹ጅብስ የላቸውም?›› አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም። ‹‹እኛ ጅብ ነበረን። ኮልፌ ማታ የደፋነውን ጠዋት አናገኘውም ነበር›› አሉ። ዳቦ ሲደፋ በኮባ ነበር፤ ኮባውን ከብት ይበላዋል። አመዱ ጓሮ ይበተናል። ቆሻሻ የሚባል ነገር አልነበረም ለማለት ሳይሆን፣ የሚሸከመው ይታወቅ ነበር ለማለት ነው መሰለኝ።

ከዚያ ብድግ አሉና ‹‹በሉ እንካችሁ፣ ስኒውን አንዳችሁ ያዙልኝ። ፌስታሉን እኔ እግሬ ሥር አድርጌ እይዘዋለሁ›› አሉ።

ያን ጊዜ ማን ዝም ይላል! ‹‹ኧረ እማማ! እኛ እያለን!›› ተባለ። የቆዳ ወንበር ያለው ሰውዬ ሁለት ወሰደ። የሒሳቡ ሰውዬ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ አንድ ወሰደ። ሦስቱ ግን በአብሮ አደጌ መኪና ገቡ፤ አንዱን እማማ ከእግራቸው ሥር አልለቅም አሉ። መስኮት ከፍተን ነዳን። ሽታው ግን መስኮት አይሰማም።

መንገድ ላይ ነው የነገሩኝ። እኔ ‹‹እማማ፣ ምነው እንዲህ ጨከኑ በራስዎ?›› ብዬ በቀልድ ጀመርሁ።

‹‹ልጄ፣ ቆሼን ታውቀዋለህ?›› አሉኝ።

የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ቆሼን የማያውቅ የለም። የከተማው ጥራጊ ለአሥርት ዓመታት የተከመረበት፣ ረጲ ያለው ተራራ ነው። እማማ ወደ አሜሪካ የመጡት በ2007 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ያ ተራራ ተናደ። ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎችን ቀበረ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። አገር ሦስት ቀን የሐዘን ቀን አውጆ ነበር። ከሟቾቹ አንዷ አብራቸው ያደገች፣ ክርስትና የተናሡ ጓደኛቸው ናት። የሰሙት በስልክ ነው። ለቀብር አልደረሱም።

‹‹ያለቀስሁት ለእሷ ነው፤ ግን ለእሷ ብቻ አይደለም›› አሉኝ። ‹‹ልጆቹ በጋሪ መጥተው ሲወስዱልኝ፣ ከዚያም በፊት ገንዳው ድረስ ሄጄ ስደፋ፣ ‹ኤዲያ፣ ተገላገልሁ› እል ነበር። የሠላሳ ዓመት ጥራጊ ነው። ያ የተናደባት ክምር ውስጥ የእኔም አለበት እኮ። ስንት እንደሆነ ማን ይነግረኛል? አንድ ፌስታል ይሁን፣ ሁለት ይሁን፣ እላይዋ ላይ የወደቀው?››

ላጽናናቸው ሞከርሁ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም አልኋቸው። ከተማው ነው፣ ድህነቱ ነው፣ አሠራሩ ነው። ሁሉም እውነት ነው። እሳቸውም ‹‹እሱማ አዎ›› አሉኝ። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ግን ጥፋትን ለብዙ ሰው ሲያካፍለው ከማንም እጅ እንዳይገኝ ያደርገዋል። አንድ ሚሊዮን ሰው እየጣለ ማንም አልጣለም ይባላል። እማማ ሲከፋፈል የጠፋውን ድርሻቸውን ነው የሚፈልጉት። ሒሳብ ባለሙያው ሊያሰላው የማይችለው ሒሳብ ይህ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ ‹‹ጥፋተኛ ነኝ›› አላሉም። ‹‹የእኔም አለበት›› ነው ያሉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ጋር እየኖረ እየሞተ አብሮት የሚሄድ ነው።

ወደ ከተማው ስንቃረብ ልጅቷ ‹‹ያውላችሁ!›› ብላ አመለከተች። ከአውራ ጎዳናው ዳር ነጭ ረጅም ጭስ ማውጫ ቆሟል። ላዩ ላይ የከተማው ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። እንግዳ ሰው ‹‹እንኳን ደህና መጣህ›› የሚል ይመስለዋል። ቆሻሻ ማቃጠያው ነው። ከ1985 ጀምሮ የባልቲሞር ቆሻሻ እየተቃጠለ መብራት ይወጣበታል። በዙሪያው ያሉ ሰፈሮች ነዋሪዎች ጭሱን ለዓመታት ተቃውመዋል፤ ከተማው በ2020 ውሉን አድሶታል። ልጅቷ የምታውቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ወደቡ ላይ፣ ወንዞች ወደ ባሕሩ ሲገቡ ተንሳፋፊ ቆሻሻ እየለቀመ የሚያወጣ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን የተገጠመለት መንኰራኵር አለ። ከ2014 ጀምሮ ይሠራል። የከተማው ልጆች ሁሉ ይወዱታል። ‹‹እሱ የሚበላውም እዚህ ነው የሚመጣው›› አለች።

ካርታ አውጥቼ ያየሁት ማታ ነው። ያ ጭስ ማውጫ የቆመው ከውሃ ዳር ነው። ውሃው ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ያው ፓታፕስኮ ነው። ጠዋት በድንጋይ መሀል ሲያጉረመርም ያየሁት ወንዝ እዚህ ሲደርስ ሰፍቶ የባሕር ክንድ ይሆናል። ከማቃጠያው የሚወጣው አመድም የሚቀበረው ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በዚያው ውሃ አፍ አቅራቢያ ነው። እንግዲህ ከወንዙ ራስጌ ተሸክመን ያወጣነው አጥንት ተቃጥሎ ወደ ወንዙ ግርጌ ሊወርድ ነው። መናፈሻው ንጹሕ ሆነ፤ እውነት ነው። ጭሱ ሥር ያለው ሰፈር ግን የእኛን በግ ይሸታል።

ታዲያ ደንቡ ምን ፋይዳ አለው? ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ አንሥቻለሁ። መናፈሻውም እንደ ሒሳቡ ሰውዬ ሸክሙን ወደ ሌላ ሰው አስተላለፈ እንጂ አላጠፋውም ማለት ይቻላል። ፈረንጅ ጫካውን አጽድቶ ድሃውን ሰፈር ያጨሳል ብሎ የሚከራከር ቢመጣ አልከለክለውም። እኔ ግን ደንቡን ወደድሁት። የወደድሁት ስላጸዳ አይደለም። አርባ ደቂቃ ያህል ያ ፌስታል እግራችን ሥር ስለነበረ ነው። ሸተተን። ከበደን። በየማዞሪያው ላይ እየተንሸራተተ ጫማችን ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ቆሻሻዬን አርባ ደቂቃ ተሸክሜ አላውቅም። የት እንደሚሄድ ለማወቅ ካርታ ያወጣሁትም ለዚህ ነው። አጠገባችን ቅርጫት ቢኖር ኖሮ ስለ ጭስ ማውጫው አልጠይቅም፤ እማማም ስለ ቆሼ አይነግሩኝም ነበር።

ቤት ስንደርስ የአብሮ አደጌ የቆሻሻ በርሜል ሞልቶ ኖሯል። የሚነሣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ሦስቱን ፌስታሎች ከበርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጥናቸው። አብሮ አደጌ እጁን አራግፎ ‹‹ተገላገልን!›› አለ። እማማ ቀና ብለው አዩት፤ ምንም አላሉትም።

ሌሊት ኮሽታ ሰምቼ ነበር። ነፋስ ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት በሩን ስንከፍት የበጉ ጎድን ከደጃፉ እስከ ጎረቤት መኪና ድረስ ተበትኗል። ራኩን የሚሉት፣ ዓይኑን ኩል የተኳለ የሚመስል አውሬ ነው፤ ሌሊት እየዞረ ቆሻሻ ይፈታል አሉ። እኔና አብሮ አደጌ ጎንበስ ብለን አንድ በአንድ መልቀም ያዝን። እማማ በመስኮት ሆነው ያዩናል።

‹‹አላቸው ለካ›› አሉ፣ ‹‹ግን ምን ዓይነት ጅብ ነው፣ አጥንቱን ትቶ ፌስታሉን ብቻ የሚበላ?››